ሰም ብቻ የነበረው ሙሾ

እትዬ ይመኙሻልን ገበያ ላይ ያየ ሰው አልቃሽ ናቸው ብትሉት ይስቅባችሁ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ብርድ ያቀላው ጉንጭ ያላቸው፣ ለቀልድ የፈጠኑ ሴት ነበሩ። ሆኖም በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዓመታት ከዘመሮ እስከ ጓሳ ዳር ባሉት አጥቢያዎች እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሟች በወጉ እንደተለቀሰለት አይቆጠርም ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ «ይመኙሻል ታልቅስልኝ» ብሎ የሚናዘዝ ሰው ብዙ ነው።

ዛሬ ስለ እሳቸው የሚወራውን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ነቢይት ያደርጓቸዋል። ጠንቋይ ነበሩ የሚልም አለ፤ የሞተ ሰው በሕልማቸው እየመጣ ገዳዩን ይነግራቸው ነበር ይላሉ። ሐሰት ነው። እኔ አፈወርቅ፣ በዘመሮ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ የነበርኩት፣ በቦታው ነበርኩ። ነገሩን የቆሰቆስኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ ሌላው ዝም ይበልና እኔ ልናገር።

እትዬ የተወለዱት በጊሼ፣ ከራቤል ወዲያ ነው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ከዘመሮ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ የገጠር ደብር ተዳሩ። ልጅ ሳይወልዱ ባላቸው በተስቦ ሞተ። ሙሾ እንድታወርድ የተጠራችው አልቃሽ ወንዝ ሞልቶባት ቀረች። ለቀስተኛው ግራ ገብቶት ሲተያይ የሃያ ዓመቷ መበለት ራሳቸው ተነሥተው መሐል ገቡ። ምን እንዳሉ አላስታውስም ይሉ ነበር፤ የሰማው ሰው ግን አልረሳውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አላስቀመጣቸውም። ለሙሾው የሚሰፈርላቸው ገብስና ባላቸው የተወላቸው አንድ ቁራሽ መሬት ነበር መተዳደሪያቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ለቅሶ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ ይቀመጣሉ። ሟቹ በሬውን ማን ብሎ ይጠራው እንደነበር፣ የሱፍ ባናውን በየትኛው ትከሻው ይጥል እንደነበር፣ ሲቆጣ ምን እንደሚል ይጠይቃሉ። ከዚያ ወጥተው ያንኑ በዜማ ሲያወርዱት ለቀስተኛው ሟቹን ቆሞ ያየ ይመስለውና ደረቱን ይደቃል። አንድ ነገር ግን አይጠይቁም፤ ሰውዬው እንዴት እንደሞተ። «የኖረበትን ንገሩኝ፤ የሞተበትን እግዜር ያውቀዋል» ይሉ ነበር። ቃል ሲያጥራቸው ደግሞ እንደማንኛውም አልቃሽ «ምነው»ን እና «ማን አለ»ን ይደገፋሉ። እነዚህ ሁለቱ ለአልቃሽ እንደ ደብተራ መቋሚያ ናቸው፤ ደከም ሲል ዘንበል ይባልባቸዋል።

እኔ ዘመሮ የገባሁት በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ልጅ ሳለሁ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ በኋላ ደብረ ብርሃን ወርጄ ለአስተማሪነት ሠለጠንኩ። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ትዕቢት ነበረኝ፤ የቅኔ ተማሪውም የአስተማሪውም። ለክፍል የሚሆን ግጥም ልለቅም ደብተሬን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ስንኝ ምን እንደሆነ፣ ሐረግ ምን እንደሆነ፣ ቤት እንዴት እንደሚመታ፣ ሰም ከወርቅ እንዴት እንደሚለይ፣ ሳልጠየቅ አብራራሁላቸው። ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው፣ የማስተምረው እኔ! እስኪበቃኝ አስለፈለፉኝና «ሐረጉም ከአጥሬ፣ ቤቱም ቤቴ፣ ሰሙም ከጧፌ ነው። የሌለኝ ወርቁ ብቻ ነው፤ እሱን አንተ ካገኘህ አካፍለኝ» አሉኝ።

ሳቅን። ቀጥለው ግን ሳይስቁ የተናገሩት አለ። ሬሳ ፊት ሁለት ነገር አይነገርም፣ ሙሾ ውስጥ ወርቅ የሚቀብር ሰው ያልተከፈለ ቂም ያለበት ነው፣ እሳቸው የሚሉት የሚሰማውን ብቻ ነው። እኔ እርስዎ ሳያውቁትም ወርቅ ይኖራል ብዬ ተከራከርኩ። «ሳላውቀው የገባ የእኔ አይደለም» አሉ። ቅኔ ያልተማረ ሰው ብዬ በልቤ ንቄያቸው ወጣሁ።

አሁን እኔ ከመድረሴ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወደሆነው ልመለስ። ጓሳ፣ አገሩ በጋራ የሚጠብቀው የሣር ደጋ፣ ለቆረጣ በተከፈተበት ሰሞን ገብረ አማኑኤል የሚባል ጎበዝ ገበሬ፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት፣ ሣር ሊያጭድ ወጥቶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ከገደል ሥር ተገኘ። ጉም ነበር፣ እግሩ ሳይስተው አይቀርም ተባለ። ጓሳ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የራሱን ጫማ አያይም፤ ማንም አልተጠራጠረም። ታናሽ ወንድሙ ኃይለ ኢየሱስ በዚያ ሰሞን ራቤል ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር አለ፤ መርዶውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ለቅሶው ላይ እትዬ ይመኙሻል ብዙ አሉ። ካሉት ውስጥ ሰው የያዘው ይህን ነው፦

በጓሳ ገደል ጫፍ ውርጩ እየወጋው፣
ማን አለ አጠገቡ እጁን የዘረጋው።

ይህን ሲሉ ኃይለ ኢየሱስ በቁመቱ ወደቀ። ውሃ ረጭተው አነሡት። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ተባለ፤ ለልጆች ምሳሌ ተደረገ። ከዚያም ወዲህ ሰውዬው ለእትዬ ዘመድ ሆነ። በየዓመቱ በሬውን ጠምዶ መሬታቸውን ያርሳል። የጓሳ ሣር ተሸክሞ መጥቶ ቤታቸውን ከደነ። ለወንድሙ ስላማረው ሙሾ ውለታ መመለሱ ነው ብለው እትዬ ይመርቁት ነበር። ሰው ሲያያቸው ወንድ ልጅ ያላቸው ይመስለው ነበር።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ጥምቀት ባለፈ ሳምንት፣ ለስድስተኛ ክፍል ኅብረ ቃልን አስተማርኩ። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ኅብር ይባላል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ውስጡ የተሸሸገው ወርቅ ነው። ከየመንደራችሁ ኅብር ያለበት ግጥም ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበርና ተራ በተራ እየተነሡ አነበቡ። አብዛኛው ኅብር የሚባል አልነበረበትም። በመጨረሻ ዓለሚቱ ተነሣች። የገብረ አማኑኤል ልጅ ናት፤ ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሴቶች አንዷ። ያነበበችው የአባቷን ሙሾ ነበር። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም ኩራት ነበረበት።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ቤቱ በ«ጋው» እንደሚመታ አሳየሁ። ሰሙ ምንድን ነው ስላቸው ማንም አጠገቡ አልነበረም፣ ብቻውን ሞተ ማለት ነው አሉ፤ ልክ ነው አልኩ። ወርቁስ? ዝም። ያን ጊዜ ያ የቅኔ ቤት ትዕቢቴ ተነሣብኝ። ጠመኔውን አንሥቼ «ማን አለ» የሚለውን አጠፋሁና ሁለቱን ቃል ገጥሜ «ማናለ» ብዬ ጻፍኩ።

«አያችሁ? ማናለ የሚባል ሰው ቢኖር ሙሾው ተገለበጠ ማለት ነው። ማናለ አጠገቡ ነበረ፣ እጁንም ዘረጋ ይሆናል። እጅ ደግሞ ለማንሣት ብቻ አይዘረጋም፤ ለመግፋትም ይዘረጋል። ደግነቱ በዚህ አካባቢ ማናለ የሚባል ሰው የለም» አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። ዓለሚቱ አልሳቀችም፤ እንደቆመች ነበረች።

«የኔታ፣ አያቴ አጎቴን ማናለ ነው የምትለው» አለች።

ክው አልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ኃይለ ኢየሱስ የክርስትና ስሙ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ማናለ ነበር። በሰባት ዓመቱ ለድቁና ትምህርት ሩቅ አገር ተልኮ ጎልማሳ ሆኖ ሲመለስ በክርስትና ስሙ ተመለሰ፤ አገሩም በዚያው ያዘው። በድሮው ስሙ የሚጠሩት እናቱ ብቻ ነበሩ፣ እሱም ቤት ውስጥ። ለአራት ዓመት ይህን ሙሾ አገር ሁሉ ሲለው ስሙን ሰማሁበት ያለ የለም። ዓለሚቱ ራሷ በቃሏ ይዛው አልሰማችበትም፤ ሰው ሲያለቅስ ቃል አይበልትም። የበለትኩት እኔ ነኝ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ።

ሰሌዳውን በእጄ አጠፋሁ። ይህ ለማስተማሪያ ነው፣ እውነት አይደለም አልኳት። ደብተሯን አንሥታ ወጣች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ያን ቀን ገባኝ።

በማግስቱ ነገሩን ከዓለሚቱ የሰሙት የእናቷ ወንድሞች ጠመንጃቸውን ወልውለው ሊነሡ ሲሉ ሽማግሌ ደርሶ አስማላቸው፤ እስከ እሑድ እንዲታገሡ። እሑድ ነገሩ ይታያል። እትዬ ይመኙሻል ያሉት እውነት ከሆነ ኃይለ ኢየሱስ ደም አለበት። እውነት ካልሆነ ደግሞ እሳቸው በወንድሙ ሬሳ ላይ ቆመው ንጹሕ ሰው ገዳይ ብለዋልና ከእንግዲህ በየትኛውም ለቅሶ አይቆሙም፤ ከደብሩም ይወጣሉ። እሳቸው ደግሞ ከዚያች ቤትና ከዚያች ቁራሽ መሬት በቀር ምንም የላቸውም። አንዲት ሴት ሜዳ ላይ ልትወድቅ ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ሮጬ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ኩበት ሲለጥፉ አገኘኋቸው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሰሌዳውን፣ ጠመኔውን፣ ሳቁን አልደበቅኩም። እጃቸው ኩበቱ ላይ እንዳለ አዳመጡኝ።

«ማናለ ማነው?» አሉኝ።

ኃይለ ኢየሱስ ነው ስላቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ካገር አገር ተድረው የመጡ ሴት ናቸው፤ የእነ ገብረ አማኑኤልን ቤት የሚያውቁት በለቅሶ ነው። ሙሾዬን እንደ እንጨት ፈለጥከው አሉኝ። ያን የመሰለ ሰው፣ የሚያርስልኝ፣ ቤቴን የከደነልኝ፣ በእኔ አፍ ነፍሰ ገዳይ ይባል? እሑድ ሄጄ እምላለሁ አሉ፤ ሰም ብቻ ነው፣ ሌላ አላሰብኩም ብዬ ታቦት ፊት እምላለሁ። ከዚያም እንባቸው መጣ። በሰው ሬሳ ሁሉ ላይ ሲያስለቅሱ ኖረው ለራሳቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ቀለል አለኝ። መሐላቸው ሁሉን ነገር ያበርዳል፤ እሳቸውም ይድናሉ፣ ሰውዬውም፣ እኔም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተሰበሰብን። የደብሩ አለቃ ገብረ ክርስቶስ መሐል ተቀመጡ። በአንድ ወገን የዓለሚቱ አጎቶች፣ በሌላው ኃይለ ኢየሱስ ብቻውን። እናቱ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከሴቶቹ ኋላ ነበሩ። እኔ እንደ ምስክር ተጠርቼ፣ ትምህርቴን በሰባት ሽማግሌ ፊት ደገምኩት። ኅብር ማለት እንዲህ ነው፣ ሰም እንዲህ ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ከተማሪዎቼ ይልቅ ቶሎ ገባቸው።

እትዬ ሊምሉ ሲነሡ አለቃው ከለከሏቸው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፣ ሙሾውን ሳንሰማ መሐላ አንቀበልም አሉ። እትዬ በንባብ አሉት። አይሆንም፣ ያን ቀን እንዳወረድሽው በይው አሏቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አገልድመው ቆሙ። በዚያ ዜማ ጀመሩት፤ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ሴቶቹ ሳያስቡት ማልቀስ ጀመሩ። «ማን አለ አጠገቡ» ሲሉ ኃይለ ኢየሱስ ተነሥቶ ቆመ።

«ይበቃል እትዬ» አለ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነው የነበረበት። «አራት ዓመት ዝም ስላሉልኝ አረስኩልዎ፣ ቤትዎን ከደንኩልዎ። ከእንግዲህ ይበቃል። በመሬት ተጣልተን ነበር። ራቤል አልሄድኩም። እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ግን ያን ሁሉ ጉም አልፈው ከየት ሆነው አዩኝ?»

አለቃው መስቀላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ደም ሊመልሱ የመጡት አጎቶች ራሳቸው ጠመንጃ መያዛቸውን ረስተው አፋቸውን ከፍተው ያዩት ነበር። ሊፋለሙት የመጡት ሰው ይህን ይላል ብለው አልጠበቁም፤ ይክዳል ብለው ነው ጥይት ያጎረሱት።

እትዬ ይመኙሻል ጥቂት ወደ እሱ ተጠጉ።

«እኔ ማንንም አላየሁም» አሉት። «ማንም የለም ማለቴ ነበር።»

ሰውዬው ቶሎ አልገባውም። አለቃውን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ገባው። ያን ፊት ዛሬም አንዳንዴ ሰሌዳ ሳይ አየዋለሁ። የሚመሰክርበት ሰው አልነበረም። ዝም ቢል፣ እትዬ ምለው፣ ሁሉም ይቅርታ ጠይቀውት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የፈራው የራሱን ስም ነው። እኔም ወርቁ ያለው ግጥሙ ውስጥ ነው ብዬ ያስተማርኩ ሰው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ኅብርን ሳስተምር በድፍረት መናገር አልቻልኩም።

ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። የአውራጃው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ ፈረደበት። አገሩ ደግሞ የሚወደውን ወሬ አገኘ፤ ይመኙሻል ስውር ያያሉ ተባለ። ከሩቅ አገር ሰው ይመጣባቸው ጀመር፣ በሬ የጠፋበት፣ ባል የጠፋባት። ድፍን ዓመት አላውቅም፣ አላየሁም ሲሉ የሰማቸው የለም። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ሲሞትበት ሳይጠራቸው ቀረ፤ ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። እሳቸውም ሲጠሩ ይሄዳሉ፣ መሐል ይገባሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ቃል ግን አይናገሩም። ሌላ ማንም እንዲቀበላቸው አይጠብቁም፤ ዜማውን ብቻ ያለ ቃል ያወርዱታል። ከአፌ ምን እንደሚወጣ አላውቅም፣ እፈራዋለሁ ብለውኛል። እስኪሞቱ ድረስ እንዲሁ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አላስተኛቸውም፤ እማሆይ ወለተጊዮርጊስ። አንድ ልጃቸውን ገደል ወሰደባቸው፣ ሁለተኛውን ደግሞ የእኔ አፍ ይሉ ነበር። በዚያው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ ይቅርታ ልለምን እሄዳለሁ፣ አንተም አለህበትና ና አሉኝ። ሄድኩ። እንደ አገሩ ወግ ሁለታችንም ድንጋይ አንገታችን ላይ ተሸክመን ደጃፋቸው ላይ ተንበረከክን። ዓለሚቱ ከውስጥ ብቅ አለችና አይታን ተመልሳ ገባች። ሙሾውን ካነበበችበት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም ነበር።

እማሆይ የበግ ጠጉር እያባዘቱ ነበር። ተነሥተው መጥተው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልን።

«አንቺ ምን አደረግሽ?» አሉ። «እኔ የሰማሁት ያኔ ነው፣ ለቅሶው ዕለት።»

እትዬ ምኑን ብለው ጠየቋቸው።

«ስሙን ነዋ። ከአፍሽ ሲወጣ ደንግጬ ቀና አልኩ። ዓይኔ ዓይኑ ላይ ነበር ሲወድቅ። ሰው ለወንድሙ ሲል ወደቀ አለ። እኔ ወልጄዋለሁ፣ ለምን እንደወደቀ አውቃለሁ። ከዚያ አራት ዓመት እንጀራ አቀርብለት ነበር። ሁለት ወልጄ አንዱን ቀብሬ፣ አንዱን በገዛ አፌ ላስወስድ?»

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። የእኔ አፍ ግን እንኳን ያኔ ዛሬም አልታረመም። ለምን ማናለ አሉት አልኳቸው።

እማሆይ ቅር አላላቸውም። ማንም ጠይቋቸው የማያውቀውን ነገር የተጠየቁ ይመስል ትንሽ አሰቡ።

«አባታቸው ሲሞት እሱ በሆዴ ነበር» አሉ። «ገብረ አማኑኤል የሦስት ዓመት ልጅ ነው። እኔም የሞትኩ እንደሆነ ትልቁ ልጄ ማን አለው፣ ማን አለው እያልኩ ሳለቅስ ከረምኩ። ወንድ ሲሆንልኝ ማናለ አልኩት። እንግዲህ ወንድሙ አለው ብዬ።»